«ዓባይ» የተባለችው መኪና፦ የሆላንድ ካር አጭር ዕድሜ

ደብረ ኤልያስ ወረዳን በደቡብ በኩል የሚያዋስናት ዓባይ ነው። የአካባቢው አርሶ አደር ስለዚህ ወንዝ ብዙ ይናገራል፤ ለም አፈር ይዞ መሄዱን፣ በረሃውንና ሸለቆውን ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ ስሙ በአንድ ወቅት የመኪና ስም ሆኖ እንደነበር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። «ዓባይ» የተባለችው አራት በር አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ አገር ውስጥ ተገጣጥማ ለገበያ የቀረበች ናት። ያቀረባትም ሆላንድ ካር የተባለ የግል ኩባንያ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 ተመሠረተ፤ በ2013 ደግሞ ከስሮ ቀረ። ዕድሜው በሙሉ ስምንት ዓመት ያህል ብቻ መሆኑ ነው።

ስለ አንድ የከሰረ የመኪና ኩባንያ በገበሬዎች መጽሔት ላይ ምን ያስጽፋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የዚህ ኩባንያ ታሪክ ሲፈተሽ ውስጡ የሚገኘው ጉዳይ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባል እንግዳ አይደለም፤ ከሰው ቀብድ መቀበል፣ በብር ዋጋ መቁረጥ፣ ዕቃውን ግን በዶላር ከውጭ መግዛት። ማዳበሪያም፣ ትራክተርም፣ የውኃ ፓምፕም የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን «መገጣጠም» የሚለው ቃል ግልጽ መሆን አለበት።

ፋብሪካ ሲባል ብዙ ሰው ብረት ቀልጦ፣ ሞተር ተሠርቶ፣ በአንድ በር ጥሬ ዕቃ ገብቶ በሌላ በር መኪና የሚወጣበት ቦታ ይመስለዋል። መገጣጠሚያ ግን እንዲህ አይደለም። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ በሩ፣ መስታወቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሳይቀር በሌላ አገር ተሠርቶ በሳጥንና በኮንቴይነር ታሽጎ በመርከብ ይመጣል። እዚህ የሚከናወነው እንደ ውሉ ይለያያል። አንዳንዱ መገጣጠሚያ ቆርቆሮውን ራሱ በይዶና ቀለም ቀብቶ፣ ሞተሩን አስሮ፣ ሽቦውን ዘርግቶ ይጨርሳል። ሌላው አካሉ ተበይዶና ተቀብቶ የመጣለትን ተቀብሎ ጎማና ሞተር ብቻ ያስራል። ሥራው ሠልጣኝ ሠራተኛ፣ ሰፊ አዳራሽና ጥሩ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ለወጣትም የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ቢሆንም አንድ ሳጥን ካልደረሰ ሥራው በሙሉ ይቆማል። በሬ ቢታመም ከጎረቤት በሬ ተውሶ ማረስ ይቻላል፤ መሪ የጎደለው መኪና ግን ከጎረቤት የሚያገኘው ነገር የለም።

የኢትዮጵያ መኪና ሠሪዎች ሁሉ በዚህ ደረጃ የነበሩ ናቸው። ከሆላንድ ካር በፊት ስሙ የሚጠራው አምቼ ነው። አምቼ እ.ኤ.አ. በ1970 የጣሊያኑ ፊያትና የኢትዮጵያ መንግሥት በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን፣ አብላጫው ድርሻ የፊያት፣ በኋላም የፊያት ልጅ የሆነው የኢቬኮ ነበር። ሥራውም የጭነት መኪናና አውቶቡስ መገጣጠም ነበር። የፊያት መኪና በዚያን ጊዜ ለአገሪቱ አዲስ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ የሚጠራው ባለ አፍንጫ የጭነት መኪና በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ታውቋል፤ ቀጥሎም «ኤን ትሬ» የተባለው ፊያት ከነተሳቢው ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን እህል፣ ቡናና ጨው አመላልሷል። ዛሬም ደብረ ማርቆስ ከተማ የሚሠራ መካኒክ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ ሲል የሚናገረው ጣሊያንኛ ነው፤ ቃሉን የተማረው ግን ከጣሊያን ሳይሆን ከአለቃው ነው።

ይህ የቃላት ጉዳይ ቀላል አይደለም። አንድ መኪና በአገር ውስጥ ሥር ሰደደ የሚባለው ስሙን ሰው ሲያውቀው ሳይሆን የውስጥ ዕቃውን ስም ጎሚስታውና ረዳቱ ሲያውቁት ነው። ፊያት ይህ ነበረው። አምቼም ከኋላው ፊያትን የሚያህል ኩባንያ ቆሞለት፣ ባለድርሻም ሆኖ፣ ዕቃ ሲያልቅ ሞተሩን የሠራው ራሱ አባት ድርጅቱ ነበር። ሆላንድ ካር ሲነሣ ያልነበረው ይኸው ነው።

የስሙ ምንጭና የመጀመሪያዋ መኪና

«ሆላንድ» የሚለው ስም የመጣው ከኔዘርላንድ ነው። የኩባንያው መሥራች ኢንጂነር ታደሰ ተሰማ በዚያ አገር ኖረው የተመለሱ ኢትዮጵያዊ ሲሆኑ፣ የተነሡትም ትሬንቶ ኢንጂነሪንግ ከተባለ የሆላንድ ድርጅት ጋር በሽርክና ነው። የመገጣጠሚያው ቦታ ሞጆ ሆነ። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅቡቲ መስመር ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች ምርጫው የሚያስኬድ ነበር፤ ኮንቴይነር ከወደብ ሲመጣ አዲስ አበባ ሳይደርስ እዚያው ይራገፋል። በኋላ የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ እዚያው ሞጆ ላይ መቋቋሙ የቦታውን ተስማሚነት ያሳያል።

የመጀመሪያዋ መኪና «ዶክ» ትባል ነበር። የዚህች መኪና የዘር ሐረግ ከማንኛውም የመኪና ታሪክ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ፊያት 131 የተባለውን አውቶሞቢል ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1984 ሠርተው ተዉት። እነርሱ ሲተዉት ቱርኮች ቀጠሉበት። ቡርሳ ከተማ የሚገኘው ቶፋሽ የተባለው ፋብሪካ መኪናዋን እየቀያየረ ሻሂን፣ ዶዋን፣ ካርታል የሚል ስም ሰጥቶ እስከ 2002 ድረስ ሠራ። ሦስቱም የአዳኝ አሞራ ስሞች ሲሆኑ ካርታል ንስር ማለት ነው። ቱርኮችም ሲያቆሙ ጉዞዋ ወደ ኢትዮጵያ ቀጠለ። ስለዚህ ሞጆ ላይ «አዲስ» ተብላ የወጣችው መኪና በንድፏ የሠላሳ ዓመት አሮጊት ነበረች ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ ነገር ግን መሳቅ የሚገባ አይመስልም። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንት ዓመት በታክሲነት ያገለገለችው ላዳም እኮ የፊያት 124 ቅጂ ናት። ፊያት 131 ደግሞ የ124 ተተኪ ነው። ዶክና ላዳ በዝምድና የአክስት ልጆች መሆናቸው ነው። ያረጀ ንድፍ ጥቅም አለው፤ ዕቃው የታወቀ ነው፣ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ መካኒኩ ኮፈኑን ሲከፍት የሚያየውን ያውቀዋል። ለድንጋያማ መንገድም ይመቻል። ችግሩ ሌላ ነው። ዋናው ፋብሪካ መሥራት ያቆመውን መኪና መገጣጠም የሚቻለው የተከማቸው ዕቃ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው። ምንጩ ከላይ የደረቀ ወንዝ ታች ላይ ጥቂት ቀን ይፈስሳል እንጂ አይዘልቅም።

በመሆኑም ኩባንያው ፊቱን ወደ ቻይና መለሰ።

ወንዙ ሞጆ ላይ

ሊፋን ቾንግቺንግ በተባለች የቻይና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 የተነሣ፣ በሞተር ብስክሌት ጀምሮ ወደ መኪና የተሻገረ የግል ኩባንያ ነው። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢሉ ሊፋን 520 ትባላለች። ሆላንድ ካር ይህችን መኪና በሳጥን እያስመጣ ሞጆ ላይ ገጣጠማትና «ዓባይ» አላት። ለሌሎች ሞዴሎቹም «አዋሽ» እና «ተከዜ» የሚሉ የወንዝ ስሞችን ሰጠ። ቱርክ በአሞራ፣ ኢትዮጵያ በወንዝ መሆኑ ነው።

የስሙ ነገር ሰውን የሚማርክ ነበር። በዚያን ጊዜ ከተማ ውስጥ የሚታየው አውቶሞቢል አብዛኛው ከባሕረ ሰላጤ አገሮችና ከአውሮፓ ተነድቶ ተነድቶ ያለቀለት ያገለገለ መኪና ነው። ዜሮ ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ላስቲኩ ከወንበሩ ላይ ያልተነሣ፣ ያውም ስሙ «ዓባይ» የሆነ መኪና መግዛት ለደመወዝተኛውም ለነጋዴውም ትልቅ ነገር ነበር። የውጭ ዜና ማሰራጫዎች ሳይቀሩ ኢትዮጵያ መኪና መሥራት ጀመረች ብለው ዘግበዋል። በዚህ ረገድ ኩባንያው የሚገባውን ምስጋና ማግኘት አለበት። ማንም ባልደፈረበት ሰዓት የግል ገንዘብ ይዞ ገብቷል፤ አውቶሞቢልን አገር ውስጥ በመገጣጠም ረገድም ፈር ቀዳጅ ሆኗል።

ሆኖም ስም መኪናን አይነዳም። ገዥው ዋጋ ጠይቆ ወዲያው የሚያነሣው ሁለተኛው ጥያቄ «ዕቃው የት ይገኛል?» የሚል ነው። የቶዮታ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ አዲሱም አሮጌውም፣ ከሌላ መኪና የተፈታውም። ዓባይ የፊት መብራቷ ቢሰበር ግን ባለቤቷ ወደ አንድ በር ብቻ ይሄዳል። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ «ስሸጠው ስንት ያወጣልኛል?» የሚለው ነው። የኢትዮጵያ መኪና ገዥ መኪናን እንደ ከብት ነው የሚያየው፤ ሲገዛ የሚሸጥበትን ቀን ያስባል። አሥር ዓመት የተነዳ ኮሮላ ዋጋውን ይዞ ሲቀመጥ፣ አዲሲቱ ዓባይ ግን ገበያው ገና ያላወቃት ነበረች። ሰው ከአዲስ ያልታወቀ ይልቅ ያረጀ የታወቀ መምረጡን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ አሉ። ይህ ግን ስሌት ነው እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም። ደጋ ላይ ያለ አርሶ አደር አዲስ ዘር ሲቀርብለት መሬቱን በሙሉ የማይዘራው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም.

የታሪኩ ከባዱ ክፍል ይኸው ነው። በዚህ ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ ቀነሰ። በዋዜማው አንድ የአሜሪካ ዶላር 13 ብር ከ63 ሳንቲም ያህል ይመነዘር ነበር፤ በማግስቱ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ሆነ። ለአብዛኛው ሰው ይህ የሬዲዮ ዜና ነው። በብር ቀብድ ተቀብሎ በዶላር ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ ግን ሌላ ነገር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል፤ ቁጥሩ ለማስረጃ ሳይሆን ለስሌት የተወሰደ ነው። የአንድ መኪና ሳጥን 8 ሺህ ዶላር ያወጣል እንበል። ከነሐሴ 26 በፊት ይህ 109 ሺህ 40 ብር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ 130 ሺህ 800 ብር ሆነ። ልዩነቱ 21 ሺህ 760 ብር ነው። ገዥው ግን ቀድሞ ከፍሏል፤ ውሉም ላይ ዋጋው ተጽፏል። ኩባንያው ለአንድ መኪና ቢሆን ኪሳራውን ከትርፉ ላይ ይችለው ይሆናል። መቶ ሰው ቀብድ ከፍሎ ከሆነስ? 2 ሚሊዮን 176 ሺህ ብር በአንድ ሌሊት ጠፋ ማለት ነው፤ ሌባ ሳይገባ፣ ዕቃ ሳይሰበር፣ አንድም ሠራተኛ ሳያጠፋ። የጉምሩክ ቀረጥና ታክሱም የሚሰላው በአዲሱ ምንዛሪ ስለሆነ ጉድጓዱ ከዚህም ይሰፋል።

ሆላንድ ካር ከብዙ ደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ ይቀበል ነበር። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ካፒታሉ አነስተኛ የሆነ፣ ባንክም እንደ ልቡ የማያበድረው ድርጅት ሥራውን በደንበኛ ገንዘብ ቢያንቀሳቅስ በየትም አገር ያለ ነው። አደጋው የሚመጣው የደንበኛው ገንዘብ እንደ ራስ ካፒታል ሲቆጠር ነው። ቀብድ ዕዳ ነው፤ ዕቃው ለባለቤቱ እስኪደርስ ድረስ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ዛሬ የገባው ቀብድ ትናንት ቃል ለተገባለት ሰው መኪና ማምጫ ሲሆን፣ ነገ የሚገባው ደግሞ ለዛሬው፣ ወረፋው እስከቀጠለ ድረስ የሚሄድ ይመስላል። አንድ ቀን ዋጋው ሲዘል ግን መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ገንዘቡም መኪናውም የለም።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አለ። ዶላር ውድ ሆነ ማለት ተገኘ ማለት አይደለም። ኤልሲ ለመክፈት ለባንክ አመልክቶ ወራት መጠበቅ በዚያን ጊዜ የተለመደ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ቀጥሏል። ሠራተኛው ደመወዝ ይበላል፣ አዳራሹ ኪራይና መብራት ይከፍላል፣ ሳጥኑ ግን አልመጣም። መገጣጠሚያ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቀን ሁሉ ከካፒታሉ ላይ እየተቆረጠ ነው።

መንግሥት ምን አደረገ የሚለው በተለያየ መልኩ ሲያከራክር ቆይቷል። ገጣጣሚ ድርጅት የሚያስመጣው ዕቃ ቀረጡ ካለቀለት መኪና በበቂ ካላነሰ መገጣጠሙ ትርፍ የለውም፤ ከልክ በላይ ካነሰ ደግሞ ጎማ ብቻ እያሰረ «ፋብሪካ ነኝ» የሚል ይበዛል። መሃሉን ማግኘት ለየትኛውም ታዳጊ አገር ቀላል አልሆነም። በዚያ ዘመን ግን ያገለገለ መኪና እንደ ልብ ይገባ እንደነበር የታወቀ ነው። በእርጅናው ልክ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ የተጣለበት ሆላንድ ካር ከከሰረ ከዓመታት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ነው። አዋጁ ለሞጆው መገጣጠሚያ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ደረሰ ማለት ይቻላል።

ሳጥን ላኪው ራሱ ሲመጣ

ሌላም ነገር ነበር። ሊፋን የኢትዮጵያን ገበያ ሆላንድ ካር በኩል ካየው በኋላ ራሱ ሊገባበት ወሰነ። ያንግፋን ሞተርስ በሚል ስም በኢትዮጵያ መገጣጠም ጀመረ፤ በኋላም ዱከም በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ መገጣጠሚያ ተከለ። ዱከም ሞጆ በምትገኝበት በዚያው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሆላንድ ካር ሌላ የቻይና አምራች መፈለግ ግድ ሆነበት። ገበያውን ያስተዋወቀው፣ ደንበኛውን «የቻይና መኪናም ይነዳል» ብሎ ያሳመነው እርሱ ሲሆን፣ የዘራውን ያጨደው ግን ሳጥን ላኪው ሆነ።

በዚህ ሊፋንን መውቀስ አይቻልም። መኪናው የራሱ ነው፤ ሞተሩን የሠራው፣ ንድፉን የያዘው፣ ዕቃውን የሚያመርተው እርሱ ነው። የሆላንድ ካር የነበረው ስሙ፣ አዳራሹና የሠራተኞቹ ሙያ ነው። «ዓባይ» የሚለውን ስም ከመኪናዋ ላይ ብንነቅለው የሚቀረው ሊፋን 520 ነው። ለመኪናዋ ባለቤቶች ግን ይህ ለበጎ ሆነላቸው ማለት ይቻላል፤ ገጣጣሚው ቢጠፋ እንኳ የመኪናዋ ዘመዶች በሌላ ስም አገር ውስጥ ስለነበሩ ዕቃ ፍለጋው ያን ያህል ጨለማ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሆላንድ ካር አበቃለት። ቀብድ ከፍለው መኪና ያልደረሳቸው ሰዎች ጉዳይ፣ የባንክ ዕዳው፣ የግብሩ ጉዳይ በየፈርጁ ወደ ሕግ ሄደ። የመክሰር ሥርዓት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ አንድ ድርጅት ሲከስር ያለው ንብረት ተሽጦ በቅድሚያ የሚከፈላቸው መያዣ የያዙ አበዳሪዎችና ሕግ ቅድሚያ የሰጣቸው ናቸው። መያዣ ሳይዝ ቀብድ የከፈለ ሰው ወረፋው ከኋላ ነው። እጁ ላይ ያለው ደረሰኝ ብቻ ነው።

የገበሬው ወገን፦ ናዝሬት

ከአውቶሞቢሉ ይልቅ ለአርሶ አደር የሚቀርበው ታሪክ ከሞጆ አልፎ ባለችው ከተማ፣ በያኔዋ ናዝሬት በዛሬዋ አዳማ የተፈጸመው ነው። በደርግ ዘመን በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ እዚያ ተቋቁሞ ነበር። የሚገጣጥመውም ቤላሩስ የተባለውን ትራክተር ነው። ቤላሩስ የሚሠራው ሚንስክ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በተመሠረተው ግዙፍ ፋብሪካ ሲሆን፣ 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ፒስተን የናፍጣ ሞተሩ ለክፉ አያያዝ የማይበገር በመሆኑ በብዙ አገር የታወቀ ነው። ደርግ ያነጻቸው ትልልቅ የመንግሥት እርሻዎች በዚህ ትራክተር ነው ሲታረሱ የኖሩት።

የናዝሬቱ ፋብሪካ ሁለት ምሰሶ ነበረው፤ ሳጥን የምትልክ ሞስኮና ትራክተር የሚቀበል መንግሥት። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ መልባና ወልባ እየተባሉ የተቋቋሙት የአምራቾች ማኅበራት አባላት መሬታቸውን ለየራሳቸው እየተካፈሉ ወጡ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። በዚያው እ.ኤ.አ. 1991 መጨረሻ ሶቭየት ኅብረት ራሷ ፈረሰችና ሚንስክ የሌላ አዲስ አገር ዋና ከተማ ሆነች። ሁለቱም ምሰሶዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ወደቁ ማለት ነው። ፋብሪካው ግን እንደ ሆላንድ ካር አልጠፋም። የመንግሥት ንብረት ስለነበር እየተንገዳገደ ቆይቶ፣ በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም በሥሩ ገባ፤ ስሙም የአዳማ እርሻ ማሽነሪ ኢንዱስትሪ ሆነ።

ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። የናዝሬቱ ደንበኛ ስላልመረጠ አልተጠየቀም፤ መንግሥት ገዝቶ ለመንግሥት እርሻ ይሰጣል። ደንበኛው ሲጠፋ ፋብሪካው የሚሸጥለት አላወቀም። ግማሽ ሄክታር፣ አንድ ሄክታር መሬት በየቦታው ተበጣጥሳ ላለችው አርሶ አደር ሰማንያ የፈረስ ጉልበት ምን ያደርግላታል? ትራክተሩ መዞሪያ እንኳ አያገኝም። ትራክተር ለደጋው ገበሬ ትርጉም የሚኖረው ወይ በኪራይ ሲመጣ፣ ወይ መሬቱ በኩታ ገጠም አብሮ ሲታረስ፣ ወይ ማኅበር ገዝቶ በተራ ሲያሠራው ነው። ይህን ያስተማረው ፋብሪካው ሳይሆን የፋብሪካው ችግር ነው። የሆላንድ ካር ደንበኛ ደግሞ በተቃራኒው በፈቃዱ የመጣ፣ መርጦ የከፈለ ነበር፤ የጠፋው ደንበኛው ሳይሆን ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ ዋጋ ነው።

ዱካቸው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አወጀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ ተባለ፤ ወራት ሳይቆይም መቶን ተሻገረ። ነሐሴ 2002 ላይ የሆነው ሃያ በመቶ ያህል ነበር፤ ይህኛው የእጥፍ ያህል ነው። ከዚያ ቀን በፊት በብር ዋጋ ቆርጦ ቀብድ የተቀበለ ማንኛውም አስመጪ፣ የግል ይሁን የማኅበር፣ ሆላንድ ካር በገባበት ስሌት ውስጥ ገብቷል። የወደፊት ግዥ ውል የሚፈርም የማኅበር ሥራ አመራር «ምንዛሪ ቢለወጥ ልዩነቱን ማን ይከፍላል?» የሚለውን አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ አለበት። አንቀጹ ከሌለም የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ከአባላት ለዕቃ ግዥ የተሰበሰበ ገንዘብም ከዕጣና ከመጠባበቂያ ተለይቶ በራሱ ሂሳብ ቢቀመጥ፣ ኦዲተር ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ሲዘገይ ይጠቅማል።

የመኪናውም ዓለም ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ማገዱን አስታወቀ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን የሚገጣጥሙ ድርጅቶችም ወደ ሥራው ገቡ፤ ባትሪውና ሞተሩ አሁንም በሳጥን ነው የሚመጣው።

ሊፋን ራሱ ብዙ አልቆየም። ለሆላንድ ካር ሳጥን የላከውና በኋላ ገበያውን የወሰደው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ቾንግቺንግ ውስጥ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት ሥር መልሶ የማደራጀት ሂደት ውስጥ ገባ። ከጅቡቲ የሚነሡት የጭነት መኪኖች ግን ዛሬም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ይቆማሉ፤ ከጫኗቸው ኮንቴይነሮች አንዳንዶቹ ውስጥ ገና ስም ያልወጣላቸው መኪኖች አሉ።